ይህ አጥንት የማን ነው? ስለ ጥንታዊ ፕሮቲን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍሌ ጥግ ላይ አንድ የመስታወት ቁምሳጥን አለ። ተማሪዎች ከየቤታቸው፣ ከመንዝም ከአንኮበርም ከተጉለትም ያመጧቸው አሮጌ ዕቃዎች ተቀምጠውበታል፤ ስልቻ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የበገና ጅማት፣ ጫፉ የሾለ አጥንት። ከየዕቃው ሥር "የፍየል ቆዳ"፣ "የበሬ ቀንድ" እያልኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ "መምህር፣ ፍየል መሆኑን በምን አወቁ?" አለኝ። ያመጣችው ልጅ ስለነገረችኝ ነው እንዳልል አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ አንድ ሁለት ዲያቆናትም እየመጡ የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ።

ጥንታዊ ፕሮቲን ሲባል ምን ማለት ነው?

ማታ ቅልጥም ቀቅላችሁ መረቁን ድስት ውስጥ ብትተዉት በእኛ አገር ብርድ ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ። በማንኪያ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። ያ የረጋው ነገር ከአጥንቱና ከጅማቱ የወጣ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። የትኩስ አጥንት ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ እሱ ነው። ቆዳም፣ ብራናም፣ ጅማትም በብዛት ከኮላጅን የተሠሩ ናቸው፤ የዝሆን ጥርስም ኮላጅን አለበት። ጸጉር፣ ሱፍ፣ ጥፍርና የቀንድ ሽፋን ግን ኬራቲን የሚባል የሌላ ፕሮቲን ሥራ ናቸው።

ኮላጅን ሦስት ክሮች እንደ ገመድ ተገምደው የሚሠሩት ሞለኪውል ነው። እያንዳንዱ ክር አሚኖ አሲድ የሚባሉ ከ1,000 በላይ የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች ተሰክተውበታል። ገመዱ ጠበቅ ያለ ስለሆነ፣ በአጥንት ውስጥ ደግሞ ማዕድኑ ስለሚሸፍነው፣ እንስሳው ከሞተ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላም ቁርጥራጩ ይገኛል። ለእኛ የሚጠቅመን የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ከእንስሳ እንስሳ ትንሽ ትንሽ መለያየቱ ነው።

ሽማግሌ ዳብሶ የሚለየውን መሣሪያ ምን ያደርግለታል?

ይህን የጠየቁኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲያለፉ የኖሩ የአንድ ተማሪዬ አባት ናቸው። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጸጉሩ ያልተነሣ ቆዳ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቢዳብሱት በግ ይሁን ፍየል፣ ከደጋ የመጣ ይሁን ከቆላ፣ ይነግሩዎታል። አጥንትም ቢሆን መገጣጠሚያው ካለ የለመደ ዓይን ይለየዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ኮንሶ ላይ የተገኘው የ1.4 ሚሊዮን ዓመት የአጥንት መጥረቢያ ከጉማሬ ጭን መሠራቱ የታወቀው በቅርጹ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰው ነገሩን ሲሠራበት ነው። ወስፌ ለመሥራት አጥንት ሲሰነጠቅ፣ ሲፋቅ፣ በድንጋይ ላይ ሲታሽ፣ እንስሳውን የሚያሳብቀው ጫፍ ሁሉ ይጠፋል። የሚቀረው ለስላሳ፣ የጣት ርዝመት ያለው እንጨት መሳይ ነገር ነው። የተለፋ፣ የተጨሰ፣ ሺህ ዓመት የደረቀ ቆዳም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ዓይን ይገምታል እንጂ አያውቅም። ግምቱ ብዙ ጊዜ "በአካባቢው የበዛው እንስሳ ይሆናል" ከማለት አያልፍም።

ይህ ግምት እንዴት እንደሚያሳስት ከፈረንሳይ አንድ ምሳሌ አለ። ኒያንደርታል የሚባሉት የጠፉ የሰው ዘመዶች ቆዳ የሚያለሰልሱበት ከጎድን አጥንት የተሠራ መፋቂያ በሁለት ቦታዎች ተገኝቶ ነበር። ከቦታው የወጣው የምግብ አጥንት በብዛት የአጋዘን ዘር ስለሆነ መፋቂያውም ከዚያው ነው ቢባል ማንም አይቃወምም ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፕሮቲን ምርመራ ግን የከብት ወገን፣ ማለትም የዱር በሬ ወይም ባይሰን መሆኑን አሳየ። ሥጋውን ከአንዱ እየበሉ ለመሣሪያው ግን ሰፊና ጠንካራ የጎድን አጥንት ከሌላው መርጠው ይወስዱ ነበር ማለት ነው። የእኔን ቁምሳጥን አሰብኩ፤ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ።

ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው?

ከአጥንቱ ጥቂት ሚሊግራም ይወሰዳል፤ በጣት ቆንጥረው ወጥ ላይ ከሚጥሉት ጨው ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ በቀጭን አሲድ ማዕድኑ ይሟሟና ፕሮቲኑ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሞቃል። የቅልጥሙ ድስት እዚህም መጣ፤ ሙቀቱ ገመዱን ፈትቶ ኮላጅኑን ወደ ፈሳሹ ያወጣዋል።

ቀጥሎ ትሪፕሲን የሚባል ኢንዛይም ይጨመርበትና በሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ ላይ ያድራል። ትሪፕሲን በራሳችን ሆድም ሥጋ የሚፈጭ ነው። እንደ መቀስ ይቆርጣል፣ ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ ላይሲን ወይም አርጂኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ባለፈ ቁጥር ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ የአንድ ዓይነት እንስሳ ኮላጅን ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ቢቆረጥ ነገ ለንደን ላይ ቢቆረጥ የሚወጡት ቁርጥራጮች ያው ናቸው። ቁርጥራጮቹ ፔፕታይድ ይባላሉ።

ጠዋት ላይ ከዚያ ፈሳሽ ጠብታ ይወሰድና በብረት ሳህን ላይ ከሌላ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ ይደርቃል። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ነጥቡን በሌዘር ይመታዋል። ፔፕታይዶቹ የኤሌክትሪክ ኃይል ይዘው ባዶ ቱቦ ውስጥ ይበርራሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። መሣሪያው የደረሱበትን ጊዜ ለክቶ ክብደታቸውን ያወጣል። ወረቀቱ ላይ የሚታየው እንደ ሰሜን ሸዋ ተራራ ሰንሰለት የተደረደረ ሾጣጣ ነው። የእያንዳንዱ እንስሳ ሰንሰለት የራሱ መልክ ስላለው እንደ ጣት አሻራ ከታወቁት ጋር ይመሳከራል።

ይህን መንገድ በ2009 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ማይክል በክሊና ማቲው ኮሊንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። በባለሙያዎቹ አፍ ዙምስ ይባላል። ከዚህ የረቀቀ፣ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ፊደል በፊደል የሚያነብ መንገድም አለ፤ እሱ ውድና ዘገምተኛ ነው።

በግና ፍየልን በእርግጥ ይለያል?

ይለያል፤ በደንብ። አጥንት ቆጣሪዎች ለረጅም ጊዜ "በግ/ፍየል" እያሉ በአንድ ሣጥን ሲጽፉት የኖሩት የተሰበረ አጥንታቸው ስለሚመሳሰል ነው። በኮላጅን ላይ ግን አንድ የታወቀ ፔፕታይድ አለ፤ በበግ 3033 ዳልተን ይመዝናል፣ በፍየል 3093። የስድሳው ልዩነት የሚመጣው በጣት ከሚቆጠሩ አሚኖ አሲዶች መለወጥ ነው። ዳልተን ማለት የአንዲት ሃይድሮጂን አቶም ክብደት ያህል ስለሆነ መሣሪያው ለዚህ አይቸገርም። ከብትን ከሁለቱ ለመለየት ደግሞ ሌላ ፔፕታይድ ይታያል፤ በከብት 2853፣ በበግም በፍየልም 2883።

ተማሪዎቼ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ስልክ ቁጥር ሸምድደዋቸዋል። ፈተና ላይ አላወጣሁትም፤ አላወጣውም።

ዲኤንኤ እያለ ፕሮቲን ለምን?

ዲኤንኤ ብዙ ይናገራል፣ ግን ቶሎ ይሞታል፤ በተለይ ሙቀት ባለበት አገር። በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዲኤንኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲነበብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሙሉ ጂኖም ነው ተብሎ ዓለም የተገረመው ለዚህ ነው። ዋሻው ቀዝቃዛ ባይሆን አይገኝም ነበር። ፕሮቲን ከዲኤንኤ የበለጠ ይቆያል፣ ምርመራውም ርካሽ ስለሆነ ሺህ ቁርጥራጭ በአንዴ ማሳለፍ ይቻላል።

ሁለቱን አጣምሮ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ያሳየው በሳይቤሪያ ያለው የዴኒሶቫ ዋሻ ነው። ጅብና ሌላ አውሬ ያደቀቃቸው፣ ማንም ቅርጻቸውን የማያውቃቸው ከ2,000 በላይ የአጥንት ስብርባሪዎች በኮላጅን ተመረመሩ። ሌሎቹ የእንስሳ ሲሆኑ ከመካከላቸው አንዲት፣ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል የምትሆን ፍንካች የሰው ወገን ሆና ተገኘች። ያቺን ብቻ ለይተው ዲኤንኤዋን ሲያነቡ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደተገለጸው፣ እናቷ ኒያንደርታል፣ አባቷ ደግሞ ዴኒሶቫን ከሚባለው ሌላ የጠፋ የሰው ወገን የሆነች ልጅ ናት። ፕሮቲኑ ባይኖር ማንም እዚያ ክምር ውስጥ እጁን ሰዶ አያወጣትም ነበር።

ሉሲንስ መመርመር ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ቀን የለም። ወሳኙ ዕድሜው ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም ነው። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ወደ 3.5 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው የአንድ ግዙፍ ግመል የቅልጥም አጥንት በካናዳ የበረዶ ምድር ተገኝቶ ኮላጅኑ ተነቧል፤ ግመል መሆኑም የታወቀው በዚያ ነው። ግመሉ ከእሷ ይበልጣል። ግን የእሱ አጥንት የቆየው በበረዶ ምድር ነው፣ የእሷ አፋር በረሃ ላይ። ሥጋ በማቀዝቀዣና ሥጋ በፀሐይ እንደማለት ነው።

በሙቅ አገር ኮላጅን ሲያልቅ ሌሎች ይቆያሉ። የጥርስ ኢናሜል ከሰውነት ሁሉ ጠንካራው ክፍል ነው፤ በውስጡ የተቀበሩ ጥቂት ፕሮቲኖች አሉ። ከኬንያ ቱርካና አካባቢ የተገኙ፣ እስከ 18 ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ያላቸው ጥርሶች የፕሮቲን ቁርጥራጭ እንደያዙ በ2025 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። ከታንዛኒያ ላኤቶሊ የተገኘ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የሰጎን እንቁላል ቅርፊትም ፕሮቲኑን ጠብቋል፤ ፕሮቲኑ ከኖራው ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሙቀቱ አላወጣውም።

ለዚህ ነው እኔ ስለ ሰሜን ሸዋ ደጋ የምጓጓው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጓሳ ከዚያም ይበልጣል። ባሌ ተራራ ላይ በ3,469 ሜትር ከፍታ ያለው ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ ሰዎች ከ47,000 ዓመት ጀምሮ እየተመላለሱ ፍልፈል ጠብሰው ሲበሉበት እንደነበር በአጥንቱ አሳይቷል። ብርዱ ለእኛ ጉንፋን ቢሆንም ለአጥንት መድኃኒት ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ አጥንትና ከመንዝ ዋሻ የመጣ አጥንት እኩል ዕድሜ ቢኖራቸው እንኳ እኩል ይናገራሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ብራና ሊቆርጡት ነው?

አንድ ዲያቆን ፊታቸው ተለዋውጦ ነው የጠየቁኝ፤ አልፈርድባቸውም። መልሱ፦ አይቆረጥም። በእርሳስ መደምሰሻ ላጲስ ነው የሚሠራው። ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ ጽሕፈት በሌለበት ኅዳግ ላይ በቀስታ ይታሻል፤ ሲታሽ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የቆዳውን ፕሮቲን ወደ ላጲሱ ብናኝ ይስባል፤ ብናኙ በትንሽ ብልቃጥ ይወሰዳል። ብራናው ባለበት ይቀራል። ሳራ ፊዲመንትና ባልደረቦቿ በ2015 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ 72 ትንንሽ የአውሮፓ መጽሐፍ ቅዱሶችን መርምረዋል። ገጾቹ እጅግ ስስ ከመሆናቸው የተነሣ ያልተወለደ ጥጃ ነው፣ ጥንቸል ነው ሲባል ኖሮ ነበር። የጥጃ፣ የፍየልና የበግ ሆነው ተገኙ፤ ስስነቱ የፋቂው እጅ ጥበብ ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት እንስሳ ያለባቸውም ነበሩ።

ከላይ የጠቀስኳቸው የፈረንሳይ መፋቂያዎችም ሳይነኩ ነው የተመረመሩት። ዕቃው ለዓመታት የተቀመጠበት የፕላስቲክ ሣጥን ከአጥንቱ ጋር እየተሻሸ ፕሮቲን ይዞ ስለነበር ሣጥኑን ነው የመረመሩት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ አሮጌ የዕቃ ማስቀመጫ አልጥልም፤ ባለቤቴ አልተደሰተችም።

በነገራችን ላይ የበግ ቆዳ ስብ በሽፋኖቹ መካከል ስለሚገባ ሲፋቅ ይላጣል። እንግሊዞች የመሬት ውል የጻፉት በብዛት በበግ ቆዳ ላይ መሆኑ በፕሮቲን ሲረጋገጥ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ቁጥር ፍቆ ሊያታልል የሚሞክር ሰው ሥራው ወዲያው ይታያላ። እኛ ዘንድ ለመጽሐፍ የፍየል ብራና የሚመረጥበትን ምክንያት ዲያቆኑ ከእኔ በተሻለ አስረድተውኛል።

ጎፈሩ የአንበሳ ነው የጭላዳ?

ይህን የምወደው ጥያቄ ነው፤ ቤተሰብ ሲያጣላ አይቻለሁ። ቅድመ አያት አንበሳ ገድለው ያደረጉት ጎፈር ነው የሚባለው አንዳንዴ ከጓሳ ገደል የወረደ የወንድ ጭላዳ ጸጉር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ረጅም፣ ቡናማ፣ ግርማ ያላቸው ናቸው። አንዲት የጸጉር ዘለላ ትበቃለች። በጸጉር ውስጥ ያለው ኬራቲን ነው፤ የአሠራሩ መርህ ከኮላጅኑ ጋር አንድ ነው፣ ኬራቲኑን ለመፍታት ግን ጠንከር ያለ ኬሚካል ይፈልጋል። አንበሳና ጭላዳ በዘር የሚራራቁ ስለሆኑ ማምታታት አይኖርም። ጭላዳንና ተራውን ዝንጀሮ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትሲ የሚባለው የ5,300 ዓመት ሰው የለበሰውም በዚህ መንገድ ነው የታወቀው፤ ካባው ከበግ ጸጉር፣ ጫማው ከከብት ቆዳ እንደሆነ። በኋላ የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ ፍየልንም ጨመረበት፤ ቆቡ ደግሞ የድብ ነው።

የመኳንንቱ የአውራሪስ ቀንድ ዋንጫም እንዲሁ ነው። የአውራሪስ ቀንድ ውስጡ አጥንት የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ኬራቲን ነው። አውራሪስ ነው የተባለው የከብት ቀንድ ሆኖ ቢገኝ ግን ለባለቤቱ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ እኔ የለሁበትም።

ምን መለየት ያቅተዋል?

ፈረስና አህያ። ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ በዚህ አሠራር ኮላጅናቸው አይለይም። በቅሎማ ከሁለቱም ስለሆነች ጥያቄውም ግራ ያጋባል። ውሻን ከተኩላ አይለይም፤ ስለዚህ የጓሳውን ቀይ ቀበሮ አጥንት ከውሻ አጥንት በዚህ ብቻ ይለያል ብዬ አልጠብቅም። የእርሻ በሬን ከጥንቱ የዱር በሬ አይለይም። ወንድና ሴት፣ ጥቁርና ነጭ፣ የመንዝ በግ ወይም የሌላ አገር በግ፣ እነዚህን አትጠይቁት። በእሳት ተቃጥሎ የነጣ አጥንት ደግሞ ኮላጅኑ ስላለቀ ምንም አይናገርም።

ሌላም ችግር አለ። አሻራው የሚመሳከረው ከታወቀ ዝርዝር ጋር ነው፤ ዝርዝሩ የተጀመረው ደግሞ በአውሮፓ እንስሳት ነው። የአፍሪካ ድኩላና ሚዳቋ ዓይነት ብዙ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ቀንዳም እንስሳት አዳዲስ መለያዎች ታትመው ነገሩ ተሻሽሏል።

ከዕቃዎቹ ውስጥ የሰው አጥንት የተገኘበት ጊዜ አለ?

አለ። ከኔዘርላንድስ ባሕር ዳርቻ የተለቀሙ፣ ከ8,000 እስከ 11,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አሥር ባለ ጥርስ የጦር ጫፎች ተመርምረው ስምንቱ የቀይ አጋዘን፣ ሁለቱ የሰው አጥንት ሆኑ። ውጤቱ የወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ከዩክሬን መቃብሮች የወጡ፣ እስኩቴስ የሚባል ጥንታዊ ዘላን ሕዝብ የፍላጻ አፎትና ሌሎች የቆዳ ዕቃዎች ተመረመሩ። አብዛኞቹ በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ፈረስ ነበሩ፤ ሁለቱ ግን የሰው ቆዳ። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እስኩቴሶች የጠላታቸውን ቆዳ ገፈው አፎት ይሠራሉ ብሎ ሲጽፍ አጋንኗል ሲሉት የነበሩ ሰዎች ዝም አሉ። ይህን ለተማሪዎች ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ የእኔን ስልቻ ያያል።

ለሰሜን ሸዋ ምን ይጠቅማል?

በጉን አስቡ። መንዝ ያለ በግ፣ ያለ ባና፣ ያለ ዝተት ማሰብ ይከብዳል። በጉ ግን የአገራችን ልጅ አይደለም። የዱር ወላጆቹ በእስያ ናቸው፤ እዚህ በዱር የሚኖር ዘመድ የለውም። ስለዚህ በአንድ የደጋ ዋሻ ከታችኛው አፈር የወጡ ስብርባሪ አጥንቶች ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ብቻ ሆነው፣ ከላይኛው አፈር ላይ ድንገት የበግ አሻራ ቢታይ፣ ያቺ መስመር እረኛ የመጣባት መስመር ናት። የፍየሉ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዋልያ ዘመዱ ነውና። የሰሜን ተራራ ዋልያ እኛ ዘንድ ባይኖርም ድሮ የት እንደደረሰ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ወተትም ይናገራል። በጥርስ ላይ የሚረጋው ቆሻሻ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር የጠጡትን ወተት ፕሮቲን ይዞ ይቀራል። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሱዳንና ከኬንያ ጥንታዊ ጥርሶች ላይ የወተት ፕሮቲን አግኝቷል፤ የሱዳኑ 6,000 ዓመት ገደማ ነው። እርጎ የምትወደው የእኛ አገር ከሁለቱ መካከል ላይ ናት።

ቅድመ ታሪክ ባይባልም በእኛው ዞን መንዝ በኩል ተቆፍረው ያየናቸው የድንጋይ ክምር መቃብሮች አሉ። አጥኚዎች የሻይ ባህል የሚሏቸው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሸክላና ዶቃ ከሙታናቸው ጋር አኑረዋል። እንደዚህ ባለ መቃብር ውስጥ የተሠራ አጥንት፣ የቀንድ ቁራጭ ወይም የዝሆን ጥርስ ቢገኝ ከምን እንስሳ ነው የሚለውን መመለስ የንግዱን መንገድ ያሳያል። ዝሆን ከደጋ አይመጣምና።

የደረቀ ቆዳ ላይ ቅቤ መቀባት ምን ችግር አለው?

ወደ ኃጢአቴ መጣችሁ። ከቁምሳጥኑ ዕቃዎች ሁሉ የምወደው አንዲት ተማሪ ከመንዝ ያመጣችው አቁማዳ ነበር። እንደ ጣውላ ደርቆ፣ እጥፋቱ ላይ ሊሰነጠቅ ደርሶ ነበር። እናቴ ቆዳ የምታለሰልሰው በቅቤ ነበር፤ እኔም ለጋ ቅቤ ገዝቼ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አሸሁት። ለሰለሰ፣ አበራ፣ ደስ አለኝ። የውስጡን ስፌት ደግሞ በእንስሳ ቆዳ ሙጫ አጣበቅሁት። አሁን እሱን የሚመረምር ሰው በመሣሪያው ላይ የሚያየው የቆዳውን እንስሳ፣ ሙጫው የተሠራበትን እንስሳ፣ ከቅቤው የተረፈ የላም ወተት ፕሮቲንና የእጄን ኬራቲን ይሆናል። የትኛው የማን እንደሆነ ይለያል ብዬ አልምልም።

ከቅቤና ከሙጫ ሌላ ጀላቲን፣ እንቁላል፣ የበግ ጸጉር ብሩሽ፣ የሱፍ ጓንት፣ እነዚህ ሁሉ ፕሮቲን ናቸው። ቆዳው ከደረቀ ይድረቅ። ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ አየር ያለው ቦታ አስቀምጡት፤ የተነካካውን ነገር በሙሉ ጻፉ። ቀብታችሁ ከሆነ በምን እንደቀባችሁ መጻፍ አለመቀባትን ባይተካም ይረዳል። አቁማዳው ሥር "የፍየል ቆዳ" የሚለውን አንሥቼ "ቆዳ፤ እንስሳው አልተመረመረም፤ በቅቤና በሙጫ የተነካ" ብዬ ጽፌያለሁ።

ስናርስ አጥንት ወይም የተሠራ ነገር ብናገኝ ምን እናድርግ?

አትጠቡት። ውኃ ኮላጅንን ይወስዳል፤ የሳሙናውማ አይነሣ። ጭቃውን ለመፋቅ ቢላ አትምዘዙ። ከቻላችሁ ባለበት ተዉት፤ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ በስልክ ከነአካባቢው ፎቶ አንሡ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበር በክንድም ቢሆን ለክታችሁ ያዙ። ዝናብ ወይም ከብት የሚያጠፋው ከሆነ ከነአፈሩ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ አንሡት። እርጥብ ነገር በፌስታል አታፍኑ፤ ይሻግታል።

ከዚያ ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ለምርመራ ናሙና ወደ ውጭ መላክም በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ ነው። አንድ የውጭ ሰው ወይም የአገር ውስጥ ተማሪ መጥቶ "ትንሽ ልቁረጥና ልውሰድ" ቢላችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን ይታይ፤ ቀጥሎ በላጲስ መሥራት እንደሚቻል ጠይቁት።

እኔ ዘንድ ይዛችሁ ብትመጡም ደስ ይለኛል። ቅቤ አልቀባም።